መንግሥት ሲገዛ ዋጋ ያውቃልን?

ባለፈው ሰንበት ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በመሃል ከተማ ከአንዲት ጀበና ቡና ከሚያፈሉ እናት ዘንድ ተቀምጠን ነበር። ፊት ለፊታችን መንገዱ ተቆፍሮ ቱቦ ይቀበራል፤ በወዲያኛው ወገን ደግሞ የእግረኛው መሄጃ አዲስ ንጣፍ ይለብሳል። ከመካከላችን አንዱ፥ «ይህ የእግረኛ መንገድ በካሬ ሜትር ስንት ይፈጅ ይሆን?» ሲል ጠየቀ። አንዱ አምስት መቶ ብር አለ፤ ሌላው ሦስት ሺሕ ብር አለ፤ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ግን ዝም አለ። ቡና የሚያፈሉት እናት ሰምተውን ኖሮ፥ «ልጆች፥ እኔን የስኒውን ዋጋ ብትጠይቁኝ፥ ቡናውን፥ ስኳሩን፥ ከሰሉን፥ የቦታውን ኪራይ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ። የዚህን ቆጥሮ የሚናገር ከናንተ ከተማሩት መካከል ጠፋ?» ብለው ሣቁ።

እኛም አብረን ሣቅን። ነገሩ ግን በሆዴ ቀረ። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሕዝብ በግብሩ ስለሚከፍልለት መንገድ ዋጋ፥ አንዲት ቡና ሻጭ ስለ ስኒዋ የምታውቀውን ያህል እንኳ አናውቅም። ይህ የኛ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ከፈተና ወረቀታችን አያልፍም ነበር። ነገር ግን ዛሬ በመንግሥት ስም የሥራ ውል የሚፈርሙት ሰዎች ትናንት በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው፤ ነገ የምንፈርመው ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ ጥያቄውን በይፋ ላንሣው፤ መንግሥት ሲገዛ ዋጋ ያውቃልን? ካላወቀስ ከተቋራጭ ጋር በምን ይከራከራል?

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። ዋጋ ማለት ሻጩ የሚጠይቀው ነው፤ ወጪ ማለት ሥራው በእርግጥ የሚፈጀው ነው። ይህን ልዩነት ከማንም አስተማሪ በፊት ያስተማሩን እናቶቻችን ናቸው። አንዲት እናት ወደ አሮጌ ገበያ ጤፍ ልትሸምት ስትወጣ፥ ገና ከቤትዋ ሳለች ዘንድሮ ምርቱ እንዴት እንደ ሆነ፥ እህሉ ከየት እንደ መጣ፥ የጭነቱ ኪራይ ስንት እንደ ገባ ሰምታለች። ነጋዴው ዋጋውን ሲጠራ፥ «ወንድሜ፥ የዛሬ ሳምንት በዚህ ያህል ነበር፤ መኪናው ያው፥ መንገዱም ያው፤ ምን ተለወጠ?» ትለዋለች። ነጋዴው መልስ ካለው ይናገራል፤ መልስ ካጣ ይቀንሳል። ክርክር ማለት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚሆነውን በዐይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ተቋራጩ ለተጨማሪ ሥራ ዋጋ አቅርቧል። ኃላፊው ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፥ «ይህ በዛ፤ አሥር በመቶ ቀንስ» ይላል። ተቋራጩ እጁን አሻሽቶ፥ ለአገር ሲል እንደሚጎዳ ተናግሮ ይቀንሳል። ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፤ «በተደረገው ድርድር ለመንግሥት ይህን ያህል ብር ማዳን ተችሏል» ተብሎ ይመዘገባል። ተቋራጩ ግን ሞኝ አይደለም። አሥር በመቶ ቀንስ እንደሚባል ስለሚያውቅ፥ ቀድሞውኑ ሃያ በመቶ ጨምሮ መጥቷል። እንዲህ ባለው ድርድር የሚጎዳው በቅንነት ትክክለኛውን ዋጋ ይዞ የቀረበው ተቋራጭ ብቻ ነው፤ እርሱ የሚቀንሰው ትርፍ የለውምና። እንግዲህ ወጪ ሳይመረምሩ መከራከር ሐሰተኛውን ሸልሞ እውነተኛውን መቅጣት ነው።

ወጪን መመርመር ምን ያህል ከባድ ነገር ነው? ማንኛችንም ልንማረው የምንችለው ነው። የአንድ ግንባታ ነጠላ ዋጋ ቢበዛ አምስት ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ማቴሪያል፥ የሰው ጉልበት፥ የመሣሪያ ኪራይ፥ የአስተዳደር ወጪ፥ በመጨረሻም ትርፍ ናቸው። በላዩ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ሌላው ሁሉ የነዚህ ዝርዝር ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በተለመደው አሠራር ሲ-25 የሚባለው ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ፥ ማለት 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ይፈጃል። የሲሚንቶ ዋጋ በኩንታል 100 ብር ጨመረ እንበል። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ወጪ የሚጨምረው በ360 ብር ነው። በሥራ ላይ ለሚባክነው አምስት በመቶ ብንተውለት 378 ብር ይሆናል። ተቋራጩ «ሲሚንቶ ስለ ተወደደ» ብሎ በሜትር ኩብ 1,200 ብር ጭማሪ ቢጠይቅ፥ እኛ ልንጣላው አይገባም፤ በትሕትና፥ «378ቱን አየነው፤ የቀረው 822 ብር ከየት መጣ?» ብለን መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ምናልባት የአሸዋው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ይሆናል፤ ምናልባት ነዳጅ ጠፍቶ ይሆናል፤ ምናልባት የቅርጽ ማውጫው ጣውላ ተወዶ ይሆናል። እውነት ከሆነ ደረሰኙን ያሳይ፤ ይከፈለውም። እውነት ካልሆነ ግን ጥያቄው ራሱ መልስ ሆኖ ያርፋል። እንግዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ ከማባዛትና ከመደመር ያለፈ ምን ሂሳብ አለ?

ለዚህ የሚመልሱልኝ ሰዎች አሉ። «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጨረታ አለ አይደለምን? ተቋራጮች ይወዳደሩ፤ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ያሸንፍ፤ ገበያው ራሱ ወጪውን ይመረምርልናል» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከባድ ስለ ሆነ በሚገባ ልመልስለት እወዳለሁ።

ጨረታ መልካም ነገር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649፥ በ2016 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333ም፥ ግልጽ ጨረታን ዋናው የግዥ መንገድ አድርገውታል። እኔም እቃወመው ዘንድ አልተነሣሁም። ነገር ግን ጨረታ ወጪን ከማወቅ ሊያድነን የማይችልባቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው፥ ጨረታ የሚሠራው ብዙ ተወዳዳሪ ባለበት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ የሚቀርቡበት ሥራ ሲሆን፥ ተጫራቾቹ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ተራ ሊገባቡ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ «ዝቅተኛው» የሚባለው ዋጋ ከከፍተኞቹ ሁሉ ዝቅ ያለ ከፍተኛ ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው የራሱን ግምት አስቀድሞ በእጁ የያዘ መሥሪያ ቤት ብቻ ነው።

ሁለተኛው፥ ማንኛውም ትልቅ ውል ከተፈረመ በኋላ ይለወጣል። መሠረቱ ሲቆፈር ያልታሰበ ውሃ ይገኛል፤ ንድፉ ይሻሻላል፤ አንድ ፎቅ ይታከላል። የተጨማሪ ሥራ ትእዛዝ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ጨረታ አይወጣም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ተቋራጭ አንድ ብቻ ነውና። ስለዚህ በጨረታ የተጀመረው ሥራ በድርድር ይፈጸማል። ብልህ ተቋራጭም ይህን ስለሚያውቅ፥ ይበዛል ብሎ የገመተውን ሥራ ነጠላ ዋጋ ከፍ፥ ይቀራል ብሎ የገመተውን ዝቅ አድርጎ ይሞላል። ድምሩ ዝቅተኛ ሆኖ ያሸንፋል፤ ሥራው ሲለወጥ ግን ከፍተኛው ሁሉ ይበዛል። ድምሩን ብቻ የሚያይ ዐይን ይህን አያይም፤ የሚያየው እያንዳንዱን መስመር የሚመረምር ዐይን ነው።

ሦስተኛውን ምክንያት ከራሴ ቤት ላምጣው። አጎቴ በአንዲት ትንሽ ከተማ አነስተኛ ተቋራጭ ነበሩ። ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት አራት የመማሪያ ክፍሎችን ለመሥራት ተጫረቱ። ሥራ አጥተው ስድስት ወር የተቀመጡ ስለ ነበሩ ዋጋውን አወረዱ፥ አወረዱና አሸነፉ። ቤታችን ያን ዕለት በግ ታርዷል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሚንቶ ጠፋ፤ በተገኘ ጊዜም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። አጎቴ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው ቢያመለክቱ፥ «ጨረታውን ያሸነፉት በዚህ ዋጋ ነው፤ በዚሁ ይጨርሱ» ተባሉ። የቀን ሠራተኞቹ የሁለት ወር ደመወዝ ሳያገኙ ተበተኑ። አጎቴም ኋላ በለቅሶ እንደ ነገሩኝ፥ በመጨረሻው ወለል ላይ ሲሚንቶውን ቀነሱ። ወለሉ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጠቀ፤ ሕፃናቱም ሌላ አንድ ዓመት ከዛፍ ሥር ተማሩ። አጎቴ ፈቃዳቸውን አጡ። የተናገሩት ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ልጄ፥ ያቀረብኩት ዋጋ ሥራውን እንደማይችለው ማንም ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ሊያየው ይችል ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱ እንኳ ‹በዚህ ገንዘብ እንዴት ልትሠራው ነው?› ብሎ አልጠየቀኝም።»

አጎቴን ነጻ ለማውጣት አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ሲሚንቶ መቀነስ በደል ነው። ነገር ግን አስተውሉ፤ በጣም የረከሰ ዋጋ ለመንግሥት ትርፍ መስሎ ይታያል። ርካሹ ዋጋ የሚከፈለው በኋላ ነው፤ የሚከፍሉትም ደመወዝ ያጡ የቀን ሠራተኞችና ከዛፍ ሥር የሚማሩ ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ የወጪ ምርመራ ማለት ሁልጊዜ ዋጋ ማስቀነስ ማለት አይደለም። ዋጋው ሲበዛ «ለምን በዛ?» የሚል፥ ሲያንስም «ለምን አነሰ?» የሚል ሚዛን ነው።

የዋጋ ለውጥንም ቢሆን እንዲሁ ነው። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆነ። ተቋራጮች ዋጋ እንዲስተካከልላቸው ቢጠይቁ ይፈረድላቸዋል። ነገር ግን ዶላር በዚያ መጠን ጨመረ ተብሎ የሕንፃው ዋጋ በሙሉ በዚያው መጠን አይጨምርም። ከውጭ የሚመጣው አስፋልት፥ ሊፍትና የኤሌክትሪክ ዕቃ ምንዛሪውን ይከተላል፤ የአካባቢው አሸዋና ድንጋይ ግን የሚከተለው የነዳጁን መጠን ብቻ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ደመወዝማ የዶላሩን ወሬ እንኳ አልሰማም። ለዚህ ሲባል ነው በትልልቅ ውሎች ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ ቀመር የሚገባው፤ ዋጋውን በሲሚንቶ፥ በብረት፥ በነዳጅ፥ በጉልበት ከፋፍሎ እያንዳንዱን በየራሱ ያሰላል። ቀመሩን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ግን ቀመሩ በወረቀት ላይ ያለ ጌጥ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ጨረታ ስለ ወጣባቸው ሥራዎች ነው። ከባዱ ነገር ግን ጨረታ ያልወጣባቸው ናቸው። ካገራችን ታላላቅ ውሎች ውስጥ ጥቂቶቹ በቀጥታ ለአንድ ተቋራጭ የተሰጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። የግልገል ጊቤ ሁለተኛው ኃይል ማመንጫ በ1996 ዓ.ም. በ490 ሚሊዮን ዩሮ ለኢጣልያኑ ሳሊኒ ኩባንያ ያለ ጨረታ ተሰጠ። በ1998 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሦስተኛ፥ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በዚሁ መንገድ ለዚሁ ኩባንያ ተሰጡ። የዓለም ባንክ ለጊቤ ሦስተኛ ገንዘብ ላለመስጠቱ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ያለ ጨረታ የተፈረመው ውል ነበር። የመንግሥቱ መልስ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ጨረታ ዓመታት ይፈጃል፥ አገር በጨለማ ልትቆይ አትችልም የሚል ነበር።

እኔ እዚህ ላይ ፈራጅ ልሆን አልፈልግም። ግድቦቹ ተሠርተዋል፤ የሕዳሴው ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ጊዜም በእውነት ዋጋ አለው፤ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቶ በዘጠኝ ወር ገደማ ተሠርቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ፍጥነት ምን እንደሚመስል በገዛ ከተማችን አይተናል። ነገር ግን ለፍጥነት ስንል ውድድርን ስንተው፥ ከኛ ወገን በጠረጴዛው የሚቀመጠው ሰው ዕውቀት እጥፍ ድርብ መሆን አለበት። ውድድር ከሌለ ዋጋውን የሚይዘው ልጓም የወጪ ምርመራ ብቻ ነውና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፥ ሳይቆጥሩ የፈጠኑበት ሥራ ኋላ በለቀማ ያዘገያል።

የሜቴክ ነገር ለዚህ ትልቅ ትምህርት ነው። ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን በ2002 ዓ.ም. ሲቋቋም የራሳችን ስለ ሆነ ከውጭ ተቋራጭ ይሻለናል ተብሎ ነበር። የስኳር ፋብሪካ ግንባታ ተሰጠው፤ የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረት ሥራም ተሰጠው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በመዘግየቱ ምክንያት የግድቡ ሥራ እንደ ተወሰደበት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተናገሩ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ የጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ ግዥ ከውጭ አገር ያለ ጨረታ መፈጸሙን በይፋ ገለጹ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ሻጩ የራሳችን መሥሪያ ቤት መሆኑ ዋጋውን ከመመርመር አያድነንም። ወንድም ለወንድሙ ሲሸጥም ሚዛን አስቀምጦ ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ታላቅ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ፌራንቲ የተባለው ኩባንያ ብለድሃውንድ የተባለውን ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ለመንግሥት ሲሠራ ከመጠን ያለፈ ትርፍ ማግኘቱን የመንግሥቱ ሂሳብ ተቆጣጣሪ ደረሰበት፤ ኩባንያውም 4.25 ሚሊዮን ፓውንድ ለመመለስ ተስማማ። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ለኛ ትምህርት ይሆናል። የመንግሥቱ መሐንዲሶች የጉልበቱን ወጪ አብዝተው ገምተዋል፤ የመንግሥቱ የሂሳብ ሰዎች ደግሞ በዚያ ላይ የአስተዳደር ወጪውን በመቶኛ ጭነዋል፤ ሁለቱ ክፍሎች ግን ወረቀታቸውን በሚገባ አላስተያዩም። መሐንዲሱ ሂሳብ፥ የሂሳብ ሰውም ምሕንድስና አይመለከተኝም ሲሉ፥ በመካከላቸው የሕዝብ ገንዘብ ፈሰሰ። በኛም ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስናው ተማሪና የአካውንቲንጉ ተማሪ በአንድ ካፊቴርያ ይበላሉ እንጂ መቼ በአንድ ሂሳብ ላይ ተቀምጠው ያውቃሉ?

አሜሪካኖች ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ሕግ አወጡ። ያለ ውድድር በድርድር ትልቅ ውል የሚፈርም ተቋራጭ የወጪውን ማስረጃ ትክክለኛ፥ የተሟላና ወቅታዊ መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ነው። ማስረጃው ጎዶሎ ሆኖ ኋላ ከተገኘ ዋጋው ተመልሶ ይቀነሳል። ከዚህም ሌላ ትርፍን በወጪ ላይ በመቶኛ የሚያስቀምጥ ውል በዚያ አገር መንግሥት ዘንድ የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱም ወጪ በጨመረ ቁጥር ትርፍም የሚጨምርለት ሰው ቆጣቢ ሊሆን አይችልምና ነው። የነሱ አሠራርም ቢሆን ነውር የለበትም አልልም፤ ቢሆንም ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ውድድሩን ከተውክልኝ መዝገብህን ክፈትልኝ የሚል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ተቃውሞ ልምጣ። «በሰነድ ከሚሠራ ጨረታ ይልቅ ድርድር የሙስና በር ነው። ሁለት ሰዎች ዋጋ ሲነጋገሩ ሦስተኛው ነገር ከጠረጴዛው በታች ይነጋገራል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት በሚተረትበት አገር ድርድርን ማስፋፋት ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ። ይህ ፍርሃት የከንቱ አይደለም። እኔ ግን ድርድሩ ቀድሞውኑ አለ እላለሁ። በተጨማሪ ሥራው አለ፤ በጊዜ ማራዘሚያው አለ፤ በዋጋ ማስተካከያው አለ። ምርጫችን ድርድር ይኑር አይኑር ሳይሆን፥ በስሌት ወይስ ያለ ስሌት ይሁን የሚለው ነው። ስሌት የሌለበት ድርድር ለጉቦ ይመቻል፤ «አሥር በመቶ ቀንስ» የሚለውን ሰው «አምስት ይበቃል» ለማሰኘት አንድ ፖስታ ይበቃዋልና። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር በጽሑፍ ከተሰላ፥ 378 ብር የሚገባውን 1,200 ብሎ የፈረመ ሰው ስሙ ከቁጥሩ አጠገብ ተጽፎ ይኖራል። ኦዲተርም የሚይዘው ነገር ያገኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፥ ትልልቅ ሥራ የሚያሠራ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ጨረታው ከመከፈቱ በፊት የራሱን የወጪ ግምት፥ በመስመር በመስመር ሠርቶ፥ አሽጎ ያስቀምጥ፤ ዋጋው ከግምቱ እጅግ ሲበልጥም ሆነ እጅግ ሲያንስ ተጫራቹን በጽሑፍ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ ያለ ጨረታ የሚሰጥ ውል ሁሉ የተቋራጩ የወጪ ዝርዝር ይያያዝበት፤ ድርድሩንም መሐንዲሱና የሂሳብ ሰው አብረው ያካሂዱት፤ ማን ምን ብሎ ማን ምን እንደ መለሰ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ሥራው ካለቀ በኋላ የመንገዱ፥ የትምህርት ቤቱ፥ የጤና ጣቢያው የመጨረሻ ወጪ በካሬ ሜትርም ሆነ በኪሎ ሜትር በይፋ ይለጠፍ። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ከተማ ሰው ከሌላው ከተማ ጋር ያስተያያል፤ ልዩነቱ ምክንያት ካለው ምክንያቱ ይነገራል።

እነዚህ ሦስቱ ከመንግሥት የሚጠየቁ ናቸው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ስለሚባል ተናገርኩ። አራተኛው ግን ከኛ የሚጠየቅ ስለ ሆነ ማንንም ደጅ መጥናት አያሻውም። ይህ ማኅበራችን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የኳስ ውጤትና የጠፋ መታወቂያ ይለጥፋል። ከዚያው ጎን አንድ የዋጋ ሰሌዳ እናቁም። በየወሩ መጀመሪያ ከምሕንድስና ሁለት፥ ከአካውንቲንግ ሁለት፥ ከኢኮኖሚክስ ሁለት ተማሪዎች ሆነን በከተማው እንዙር፤ የሲሚንቶውን፥ የብረቱን፥ የአሸዋውን፥ የብሎኬቱን፥ የግንበኛውንና የቀን ሠራተኛውን ዋጋ ከሦስት ከሦስት ቦታ ጠይቀን እንጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ አሥራ ሁለት ወረቀት ይኖረናል። በሁለት ዓመት ውስጥ የከተማችን የግንባታ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፥ ደመወዝ ሲሚንቶን ስንት እርምጃ እንደሚከተል በገዛ እጃችን የሰበሰብነው ማስረጃ ይኖረናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጫማና እርሳስ ነው። ማኅበሩ ፈቃደኛ ከሆነ እኔ በመጀመሪያው ወር ለመዞር ስሜን አስመዝግቤአለሁ።

ጓደኞቼ፥ ብዙ ጊዜ ስለ አገር ፍቅር እንናገራለን፤ በስብሰባም እናጨበጭባለን። የአገር ፍቅር አንዱ መልኩ ግን በጣም ደረቅ ነው፤ በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፥ «ይህ 3.6 ኩንታል ነው፥ አንተ ለምን አምስት ጻፍክ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ያን ጊዜ ማንም አያጨበጭብም። ነገር ግን በዚያ ጥያቄ ምክንያት የአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሳይሰነጠቅ ይኖራል፤ የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በጊዜው ይከፈላል፤ እንደ አጎቴ ያለ ሰውም ከማይችለው ዋጋና ከማይገባው በደል ይድናል።

በሚመጣው ሰንበት ወደ መሃል ከተማ ተመልሰን ከእኒያ እናት ዘንድ ቡና እንጠጣለን። ያን የእግረኛ መንገድ ንጣፍ በካሬ ሜትር ስንት እንደሚፈጅ እስከዚያ ድረስ በእርሳስ አስልተን እንድንሄድ ከጓደኞቼ ጋር ተስማምተናል። ስሌታችን ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም በዚህ ጊዜ ሲጠይቁን ዝም አንልም።